ካሌዶኒያን ማን ይውሰዳት?

ጃንዋሪ 14፣ ሰኞ

ብርድ። የኩሽናው ቧንቧ ጠዋት ላይ ደርቆ ተገኘ። የፈላ ውኃ አፈሰስኩበት። አላስተር አጃው ቀጠነ ብሎ አኮረፈ። ስልሳ ሊሞላው ነው ወንድሜ፣ አጃ ሲቀጥንበት ግን እንደ ሕፃን ነው የሚያኮርፈው። ነገ በደንብ አወፍረውና ከማንኪያ ጋር ቢላዋም አቀርብለታለሁ።

ከሰዓት በኋላ በረዶ አዳራሹ ውስጥ የከርሊንግ ልምምድ። የአጎቴ ልጅ ዶሊና፣ የቡድናችን አለቃ፣ እንደ ልማዷ ከማዶ በረዶው ላይ የተሳለው ክብ ውስጥ ቆማ ስትጮህብን ዋለች። «ሙርዲና፣ ጥረጊ! ጥረጊ! ... ተዪው! ተዪው አልኩ እኮ!» ጠረግሁ። ተውኩ። ይህን ጨዋታ የምወደው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። አንዷ ከባዱን ድንጋይ በረዶው ላይ ወደ ክቡ ታንሸራትታለች፣ ለመሐሉ የቀረበ ያሸንፋል፤ የኔ ሥራ ከፊት ከፊቱ በረዶውን መጥረግ ነው። ማንም ሰው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ አይጠይቀኝም።

ጃንዋሪ 17፣ ሐሙስ

የድልድዩ ኒል ቁርጭምጭሚቱን ሰበረ። «ደረጃችሁ ላይ ጨው በትኑ፣ ያዳልጣል» እያለ ክረምቱን ሙሉ ሲሰብከን የነበረው የመንደራችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር። የራሱ ደረጃ ላይ።

አምቡላንስ ተጠራ። ቆየ። በጣም ቆየ። ለካ ወደ ሌላኛው ካሌዶኒያ ሄዷል፣ ከኮረብታው ማዶ! የነሱም መንደር ስም ካሌዶኒያ፣ የኛም ስም ካሌዶኒያ... ምን ያድርግ ሾፌሩ? እዚያ ሲደርስ «የተሰበረ ሰው አለ ተብለን ነው» ቢላቸው የተሰበረ ሰው የለም። ተመካከሩ። «እዚህ ድረስ መጥቶ ባዶውን አይመለስም» ብለው ወገቧን የሚያማት አሮጊት አመጡለት። እሷም ኮቷን ደርባ፣ የምትሠራውን ሹራብ ይዛ ተሳፈረች።

ኒል ወለሉ ላይ ተጋድሞ ሁለት ስኒ ሻይ ጠጣ። በመጨረሻ አላስተር በዓሣ መኪናው ጭኖ ወሰደው። ሆስፒታል ሲደርሱ አሮጊቷ ወረፋ ይዛ ተቀምጣለች። «ምነው ዘገየህ ልጄ?» አለችው አሉ።

ጃንዋሪ 26፣ ቅዳሜ

ከአውራጃው መሥሪያ ቤት ሰው መጣ። ሚስተር ዝዊከር ይባላል። ወጣት ነው፣ ጉንፋን ይዞታል። የሁለቱም ካሌዶኒያ ሰው ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ታጭቆ፣ እነሱ በግራ፣ እኛ በቀኝ... መሐል ያለውን መተላለፊያ ማንም አልረገጠውም።

«አምቡላንሱ ዳግም እንዳይሳሳት ከሁለት አንዳችሁ ስም ትለውጣላችሁ» አለ። «እስከ ማርች መጨረሻ ተስማሙ። ካልተስማማችሁ እኔ አወጣለሁ።»

እሱ ደግሞ ለማገዝ ብሎ፣ «ለምሳሌ ላይኛው ካሌዶኒያና ታችኛው ካሌዶኒያ ብትባሉ?»

«ታችኛው ማን ሊሆን ነው?» ከግራም ከቀኝም።

«እሺ... አሮጌውና አዲሱ?»

«አሮጌው እኛ ነን!» ከቀኝም ከግራም።

ማን ይፈርዳል? ቅድመ አያቶቻችን በአንድ መርከብ ነው ከስኮትላንድ የመጡት። መሬት ሳይረግጡ በመዝሙር ዜማ ተጣሉ። ገሚሱ እዚህ ቀረ፣ ገሚሱ ኮረብታውን ተሻገረ፣ ስሙን ግን ሁለቱም ይዘውት ሄዱ። ያን ዜማ ዛሬ ከኛም ከነሱም የሚያውቀው የለም። ጠቡን ግን በቃላችን እንወጣዋለን።

በመጨረሻ ጄሲ አን ተነሣች። የነሱ ከርሊንግ ቡድን አለቃ ናት፣ ረጅም፣ እጇ እንደ አካፋ። «በድንጋይ ይለይ» አለች። «ያሸነፈ ስሙን ይያዝ።»

«ሴቶቹ ይጫወቱ እንጂ» አለች ዶሊና። እውነቷን ነው። ወንዶቹ ባለፈው ሲጋጠሙ ማን እንዳሸነፈ የሚያስታውስ የለም፣ የትኛው መስኮት እንደተሰበረ ግን ሁሉም ያስታውሳል።

«ግን ይሄ ነገር በሕግ...» አለ ዝዊከር።

«ሻይ ልጨምርልህ ልጄ?» አለችው ዶሊና። ስኒውን ዘረጋላት።

እኔም አንድ ነገር ልናገር ብዬ እጄን ማንሣት ጀምሬ ነበር። አላስተር ዞር ብሎ ሲያየኝ ፀጉሬን አስተካከልኩበት።

ፌብሩዋሪ 3፣ እሑድ

ሁሉም ሰው «እናሸንፋለን» ይላል፣ ሁሉም ሰው ደግሞ በሆዱ ሌላ ስም እያዘጋጀ ነው። «ለማንኛውም ነው» እያሉ። ኒል እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ፣ «መንደሮች በታላላቅ ሰዎች ስም የሚጠሩበት አገር አለ» አለኝ። የየትኛው ታላቅ ሰው? አልጠየቅሁትም። ማን ሊል እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር።

ከተዘጋው ትምህርት ቤት ያወጣሁትን አይጥ የበላውን መጽሐፍ ገለጥኩ። ካሌዶኒያ የሚለውን አገኘሁት። ስሙ የኛ አይደለም ለካ! የሮማውያን ነው። ሊወሩን ሲመጡ ስኮትላንድን በላቲን የጠሩበት ነው። የጥንቶቹ ሰዎች ራሳቸውን እንዲያ ብለው ይጥሩ አይጥሩ እንጃ... ከዚያ በኋላ ያለውን አይጥ በልቶታል።

ለአላስተር አነበብኩለት። «ለማንም እንዳትነግሪ» አለኝ፣ አጃውን ትቶ።

ለዶሊና ነገርኳት። ትንሽ አሰበችና፣ «ሮማውያኑ አሁን አሉ እዚያ?»

«የሉም።»

«ጥለውት ሸሹ ማለት ነው። እንግዲያው ምርኮ ነው። ምርኮ ደግሞ ማንም አይነጥቀንም።»

እኔስ ለምን ይሄን ያህል ይጨንቀኛል? የእናቴ የመቃብር ድንጋይ ላይ «የካሌዶኒያዋ» ተብሎ ተቀርጿል። ምን ሊያደርጉት ነው፣ ሊፍቁት? ሌላ አገር ሄጄ አላውቅም። ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ሰው ማን ነሽ ሲለኝ ከስሜ ቀጥሎ የምለው እሱን ብቻ ነው።

ፌብሩዋሪ 16፣ ቅዳሜ

ሁሉንም በደንብ ልጻፈው።

አዳራሹ ሞላ። ዝዊከር ሦስት ሹራብ ደርቦ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። የነሱ ሰዎች ከበሮ ይዘው መጡ፣ የኛዎቹ የድስት ክዳን። የጄሲ አን ባል አላስተርን፣ «ለአዲሱ ስማችሁ ሰሌዳ ጣውላ ካስፈለገህ እኔ ጋ አለ» ሲለው ሰማሁ። አላስተር «ለመቃብርህ አስቀምጠው» አለው። ደግ ደጉን ነው የተነጋገሩት፣ ለወንዶች።

እኩል እኩል ሄድን። እስከ መጨረሻው ዙር እኩል። የነሱ ድንጋይ ከክቡ መሐል አጠገብ ቁጭ ብሏል፣ የቀረው አንድ ድንጋይ የኛ ነው። ዶሊና ወደ መነሻው ወርዳ ራሷ ለቀቀችው። ለስላሳ... ቀጥ ያለ... እኔ ከፊቱ እየጠረግሁ ሮጥኩ። «ጥረጊ! ጥረጊ ሙርዲና!» ጠረግሁ። ትንፋሼ አለቀ። ክቡ ውስጥ ሲገባ መጥረጊያዬ ነካው፣ መንካት ደግሞ አይፈቀድም። በጭራው ጫፍ። ትንሽ ነገር... ፀጉር ስትነካ እንደሚሰማው።

ድንጋዩ ሄዶ መሐል ላይ ቆመ። ከነሱ ይልቅ ቀርቦ። የድስት ክዳኑ ተናጋ። ዶሊና ዘለለች። ኒል ምርኩዙን ወረወረ።

ማንም አላየም።

በከርሊንግ ዳኛ የለም። ኖሮም አያውቅም። የነካ ሰው ራሱ ይናገራል። አያቴም እንዲያ፣ እናቴም እንዲያ... ይህን የማያደርግ ሰው በረዶ ላይ አይወጣም፣ አለቀ። ታዲያ ለምን ዝም አልኩ? ዝም ማለቴ አልነበረም፣ ድምፄን እየፈለግሁ ነበር። የት እንዳስቀመጥኩት ጠፋኝ።

«ነካሁት» አልኩ። ማንም አልሰማኝም፣ ክዳኑ ይጮሃል። «ነካሁት!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ኮርኒሱን መትቶ ተመለሰ። እኔው ራሴ ደነገጥኩ።

የድስት ክዳኖቹ ቆሙ።

ክቡ ጋ ደርሶ የተነካ ድንጋይ ፍርዱ የተቃራኒዋ አለቃ ነው። ጄሲ አን ይቆይ ካለች ይቆያል፣ ይውጣ ካለች ይወጣል። ድንጋዩን አየችው። እኔን አየችኝ። አካፋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«ይቆይ» አለች።

አሸነፍን! ለማለት ሰው አፉን ሲከፍት ዶሊና መጣች፣ ፊቷ እንደ ቀይ ሥር። «ምጽዋት ነው እንዴ? እኛ በምጽዋት አናሸንፍም!» አለችና የራሷን ድንጋይ በእግሯ ገፍታ ከክቡ አወጣችው።

ጄሲ አንም፣ «እኔ ደግሞ አንቺ በእግርሽ ባወጣሽው አሸንፋለሁ?» ብላ የራሷን ድንጋይ ረግጣ አወጣችው።

ክቡ ባዶ ሆነ። ሁለቱም ደረታቸውን ነፍተው ተፋጠጡ።

ዝዊከር ከአግዳሚው ላይ፣ «ይቅርታ... ማን አሸነፈ?»

«እኛ አይደለንም!» ሁለቱም እኩል።

ፌብሩዋሪ 17፣ እሑድ

ክንዴን አመመኝ። ሌላ አላመመኝም። አላስተር አጃውን ያለ አንድ ቃል ጨረሰው። ያስፈራል።

ፌብሩዋሪ 25፣ ሰኞ

ዝዊከር ተመልሶ መጣ። ጉንፋኑ አልለቀቀውም። መጀመሪያ ሁለቱም ካሌዶኒያ «ስሙ የኔ ነው» ብለው ያስቸግሩት ነበር፣ አሁን ሁለቱም «እነሱ ይውሰዱት» እያሉ ያስቸግሩታል።

«እኛ የተረፈ አንበላም» አለች ዶሊና።

«እኛም ያልደከምንበትን አንለብስም» አለች ጄሲ አን።

«ካርታው ላይ ባዶ ቦታ ልተው?»

«እንደፈቀድክ።»

ያን ጊዜ ጠረጴዛውን በጡጫ መታው። የሻዩ ስኒ ዘለለ። «እንግዲያውስ እናንተ ለነሱ ስም አውጡላቸው! እነሱ ደግሞ ለእናንተ ያውጡ! በማርች መጨረሻ እዚሁ፣ እፊቴ! የወጣላችሁን ስም ደግሞ ትቀበላላችሁ!»

በንዴት የተናገረው ነው፣ ያስታውቃል። ግን አዳራሹ ሙሉ «እሺ» አለ። ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ከዚያ በፊት ሁለቱ ካሌዶኒያዎች በአንድ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

ማርች 9፣ ቅዳሜ

የኛ ስብሰባ። ለነሱ ስም ማውጫ። እንዲህ ደስ ብሎት የተሰበሰበ ሰው አይቼ አላውቅም። «ጭቃ ሰፈር» አለ አንዱ። «ወገቤን» አለ ሌላው፣ ለአሮጊቷ መታሰቢያ። አላስተር «መስኮት ሰባሪ» አለ። «መስኮቱን እኮ የሰበርከው አንተ ነህ» አሉት። ኒል እየሳቀ ምርኩዙ ሊወድቅበት።

ከዚያ አላስተር ወሬውን አመጣ። ዓሣ ሊሸጥ ማዶ ሄዶ የሰማው ነው። እነሱም ተሰብስበዋል፣ ሳቃቸው ከመንገድ ይሰማል። ለኛ ካወጡት ስም አንዱ...

«ምንድን ነው? ተናገር!»

«ቁርጭምጭሚት።»

ኒል ሳቁን አቆመ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ወንበሬ ተንቋቋ፣ ሰው ዞረ፣ ቆሜያለሁ። ፀጉሬን ማስተካከል አያዋጣም፣ እግሬ ነው የተነሣው።

«የራሳቸውን ስም እንስጣቸው» አልኩ። «ካሌዶኒያ።»

«ምን?»

«ሌላ ምን ብለን ልንጠራቸው ነው? እኔ ሌላ ልበላቸው ብል አፌ እሺ አይለኝም። ጄሲ አን ያን ድንጋይ ይቆይ ስትል... እዚሁ ተወልዳ ያደገች የኛ ሰው ነው የመሰለችኝ።»

«እነሱ ቁርጭምጭሚት ቢሉንስ?» አለ ኒል።

«ቁርጭምጭሚት እንባላለና።»

ብቀመጥ ይሻል ነበር? ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ድንገት ዶሊና ጭኗን መታች።

«ልክ ናት! ሰዎች፣ አስቡት እስቲ! እነሱ ስድባቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ እኛ ስማቸውን አክብረን እንሰጣቸዋለን። እዚያው በሐፍረት ነው የሚሞቱት! እንግደላቸው!»

በአንድ ድምፅ ጸደቀ። እኔ ያሰብኩት እንኳ እንዲያ አልነበረም። ግን ይሁን።

ማርች 20፣ ረቡዕ

የቁርጭምጭሚቷ ሙርዲና። ለመልመድ ብዬ ሳህን እያጠብኩ ጮክ ብዬ አልኩት። የቁርጭምጭሚቷ... ምን አደረግሁ እኔ ሴት? አላስተር ከሳሎን «ምን አልሽ?» አለኝ። ምንም አልኩት።

ማርች 30፣ ቅዳሜ

በጣፋጭ የሩባርብ ፓይና በአጃ ቂጣ ጠረጴዛው ሞልቷል። የሚበላ ግን የለም። እነሱ በግራ፣ እኛ በቀኝ። ዝዊከር መሐል፣ መሐረቡን ይዞ።

«ማን ይጀምር?»

«እንግዶቹ ይቅደሙ» አለች ዶሊና።

«ባለቤቶቹ ይቅደሙ» አለች ጄሲ አን።

«በሕይወቴ...» አለ ዝዊከር። አልጨረሰውም። «እኔ ሦስት ስል ሁለታችሁም እኩል። አንድ። ሁለት።»

ጄሲ አን ፊቷ ላይ የሆነ ፈገግታ ነበረ። ዶሊናም ላይ ያው ፈገግታ። እኔ በሆዴ፣ ቁርጭምጭሚት፣ ቁርጭምጭሚት...

«ሦስት።»

«ካሌዶኒያ!»

አንድ ድምፅ ነው የተሰማው። ሁለቱ ሴቶች አፋቸውን እንደከፈቱ ቀሩ።

«እኛ ልናሳፍራችሁ እኮ ነበር!» አለች ጄሲ አን፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«እኛም!» አለች ዶሊና።

«ቁርጭምጭሚትስ?» አለ ኒል።

«እሱን እንኳ ባሌ በጣም ወዶት ነበር» አለች ጄሲ አን።

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከግራ ይሁን ከቀኝ... ብቻ መተላለፊያው በሰው ሞላ። ጄሲ አን ወደኔ መጥታ አካፋ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ጉልበቴ ታጠፈ። «አንቺ የነካሽው ድንጋይ» አለችኝ፣ «ባትነኪውም እዚያው ነበር የሚቆመው። ዓይኔ ነው ያየው።» አላውቅም። እኔ የሚያልፍ ነበር የሚመስለኝ። ክርክሩን ለሌላ ቀን አቆየነው።

ዝዊከር ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፍቶ ቆየ። የሞተ መስሎን ነበር። ቀና ሲል ፊቱ ተረጋግቷል፣ ሁሉን ነገር እንደተወ ሰው።

«ስማችሁን ለውጣችኋል?»

«ለውጠናል!»

«ከምን ወደ ምን?»

«ከካሌዶኒያ ወደ ካሌዶኒያ!»

«ደግ። የታዘዝኩት ስም መለወጡን እንዳረጋግጥ ነው፣ አረጋግጫለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለአምቡላንስ ስልክ ስትደውሉ ግን ካሌዶኒያ ብቻ አትበሉ። አንድ ነገር ጨምሩበት።»

«ምን?»

«የፈለጋችሁትን! እኔ ምን ቸገረኝ!» ከዚያ ፓይ ጠየቀ። ሦስት ቁራጭ በላ፣ ምስኪን።

ኤፕሪል 13፣ ቅዳሜ

ከተናገርኩ ወዲህ ሰላም የለኝም። ስለ ድልድዩ ቀለም፣ ስለ ውኃ መውረጃው፣ የማን ውሻ ማንን እንደነከሰ... «ሙርዲናስ ምን ትላለች?» ትናንት ቄሱ ስብከቱ ረዘመ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ረዝሟል አልኳቸው።

የነሱን መንደር መግቢያ የስም ሰሌዳ እኛ ቀባን፣ የኛን እነሱ። ስጦታ የሰጠ ሰው በእጁ ይስጥ ተብሎ። የነሱ ሥራ ዛሬ ደረሰ። አላስተር ፊደሎቹ ተጣመዋል ብሎ እያጉረመረመ ሊሰቅለው መሰላል ላይ ወጣ። «ትንሽ ወደ ግራ» አልኩት። «ማን ጠየቀሽ?» ብሎ ሊያየኝ ሲዞር ወደቀ። ሰሌዳው ደህና ነው። የእጁ አንጓ ግን ደህና አይመስለኝም።

ድሮ ቢሆን ሮጬ ዶሊናን ነበር የምጠራው። ስልኩን ራሴ አንሥቼ አምቡላንስ ጠራሁ። ያናገረችኝ ልጅ እግር ናት፣ ድምፅዋ ደስ ይላል።

«የት ነው ያሉት?»

«ካሌዶኒያ።»

«የትኛዋ ካሌዶኒያ?»

አንድ ነገር መጨመር አለብኝ። «የተሰጠችን» አልኳት።

«ማን ነው የሰጣችሁ?»

«ካሌዶኒያዎች።»

በትሕትና፣ «እመቤቴ፣ ይሄ ብዙም አልረዳኝም።»

«አይፈረድብሽም ልጄ። ወንበር ሳቢና ተቀመጪ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ቅድመ አያቶቻችን በአንድ መርከብ...»

አላስተር ጭቃው ላይ እንደተጋደመ፣ «ሙርዲና!» እያለ ይጮሃል። «እባክሽ! ዝም ስትዪ ነበር ደግ!»

አሳጠርኩለት። ትንሽ ብቻ።